ኔትወርኩ የሚጠፋበት ሰዓት

ጥቅምት 4

ዛሬም ጠፋ።

ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው ስልኩን የያዝኩት። ላውንደሪ ቤት ሠላሳ ሁለት ሸሚዝ ሲተኩስ የዋለ እጄ ገና ይሞቃል። ልጄ የምትደውለው በአስር ሰዓት ነው። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ከአልጋ አትውረጂ ተብላለች፣ መንገድማ ጭራሽ ክልክል። ፊቷን በቀን አንዴ የማየው በዚህች ስልክ ነው።

"እማዬ፣ ሐኪሟ ዛሬ ምን አለችኝ መሰለሽ…" አለችና አፏ እንደተከፈተ ደርቃ ቀረች።

ራውተሩን ነቀልኩት። እስከ ሃያ ቆጠርኩ። ሰካሁት። መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው። ታዲያ ምን ጎደለው?

ባለቤቴ ጓሮ ባለው ክፍሉ ነበር። ወንበር ይጠግናል። ልጅቷ ስትደውል "እንዴት ዋልሽ የኔ እናት" ይላታል፣ ወዲያው "ሙጫው ደርቆ እንደሆነ ልይ" ብሎ ይወጣል። ሰሞኑን በየቀኑ እንዲህ ሆኗል። የቀረችን አንድ ልጅ ናት… ሙጫ ይበልጥባታል?

ጥቅምት 5

አስር ከሩብ ላይ ጠፋ። ሐኪሟ ያለችውን ዛሬም ሳልሰማ ቀረሁ።

ጥቅምት 6

ሽቦን ጠራሁት። የሰፈሩ ጠጋኝ ነው፣ ከራዲዮ እስከ ካውያ። ቅጥነቱን አይተው ነው ሽቦ ያሉት። ሃምሳን አልፎታል፣ አሁንም ክብሪት እንጨት ከአፉ አይለይም።

ይህንን ራውተር የተከለልን እሱ ነው፣ ባለፈው ወር፣ የድሮውን መብረቅ ካቃጠለው በኋላ። ያኔ "ስሙንም ፓስወርዱንም እንደነበረ አድርግልኝ" ብዬ ለምኜዋለሁ። ስሙን ያወጣው ወንዱ ልጄ ነው። ጉንዳን እንለው ነበር፣ አንድ ቦታ ቁጭ ስለማይል። ካረፈ አምስት ወሩ። ዋይፋዩን "ጎረቤት የራስህን ግዛ" ብሎ ነበር የሰየመው። ሌላው ሁሉ ቢሄድ ይቺ ስም እንዳትጠፋብኝ ብዬ ነው።

ሽቦ ስሟን ሲያያት ዛሬም ሳቀ። "እናቴ፣ እኔ እኮ ይህንን ካነበብኩ በኋላ አፍሬ የራሴን ገዛሁ" አለኝ።

ፍሪጅ ላይ ማስቀመጤን አልወደደም። እዚህ ላይ የሚቀመጠው ዳቦ ነው አለ። ሳሎን መደርደሪያው ላይ፣ መሐል ቤት፣ አዛወረው። ደህና ሠራ። ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ጥቅምት 7

መደርደሪያው ላይም ይጠፋል። አስር ከአምስት።

ጥቅምት 9

ሽቦ እንደገና መጣ። የኃይል ገመዱን ለወጠ። ከጎረቤት ጋር እየተጋጨ ይሆናል ብሎ ሌላ መስመር ላይ አደረገው። ከዚያ የሚጠፋበትን ሰዓት እንድመዘግብ ነገረኝ። ሌባ ሰዓቱ ከታወቀ ተያዘ ማለት ነው አለ።

መዝግቤያለሁ እኮ። ይህንን ደብተር አሳየሁት፣ ሌላውን በመዳፌ ሸፍኜ። አስር ከሩብ። አስር ከአምስት። አስር ከአሥራ ሁለት። ሌላ ሰዓት የለም።

"ይሄ ራውተር ከልጅዎ ጋር ጠብ አለው" አለና ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ክብሪቱን ከአፉ አውጥቶ "ይቅርታ እናቴ" አለኝ። ሴቷን ማለቱ ነበር፣ ገብቶኛል… ጉንዳንን ያነሳ እንዳይመስለኝ ፈርቶ ነው።

ጥቅምት 10

እሁድ። ልጅቷ ጠዋት ደወለች። ሙሉ አንድ ሰዓት አወራን፣ አንዴም አልተቆረጠም። አባቷ እንጨት ሊመርጥ ወጥቶ ስለነበር አላገኘችውም። ሐኪሟ ያለችውንም ሰማሁ። የልጁ ጭንቅላት ትልቅ ነው ብላታለች። የአጎቱ ነው አልኳት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንደየቀኑ የጉንዳንን የመልእክት ገጽ ከፈትኩ። ይህንን ማንም አያውቅም። ጽፌውም አላውቅም፣ ዛሬ ልጻፈው።

ያን ቀን ጠዋት አባቱን ዓይን ክሊኒክ ሊወስደው ነበር። የአባቱ ዓይን ሞራ እየጋረደው ነው፣ ቀጠሮውን ወር ሙሉ ጠብቀን ያገኘነው ነው። ጉንዳን ግን አስቸኳይ ሥራ ተገኘ ብሎ በማለዳ ሹልክ አለ። ተናደድኩ። ድምፄን ቀርጬ ረጅም ስድብ ላክሁለት፣ መጨረሻው እንዲህ የሚል። "አባትህን ጣለው። ከዛሬ ጀምሮ እናት አለኝ እንዳትል።"

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ መኪና ገጨው። ሥራው በወዲያ ነው፣ እሱ የወደቀው በወዲህ መንገድ ላይ። እዚያ ምን ሊሠራ ሄደ? እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ያ ድምፅ አሁንም እዚያው አለ። ከሥሩ አንድ ምልክት ብቻ። አንድ ምልክት ከሆነ አልከፈተውም፣ ከከፈተው ሁለት ይሆናል። በየቀኑ አያለሁ። አንድ ነው። አልሰማኝም እላለሁ… ደግሞ አጠገቡ ያለ ሰው ነግሮት ቢሆንስ እላለሁ። ማንን ልጠይቅ? ስልኩም ጠፍቷል።

ጥቅምት 12

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ሽቦ ከአስር ሰዓት በፊት ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ዛሬ እጅ ከፍንጅ ነው የምንይዘው አለ። ልጅቷ ደወለች። አባቷ ሰላም አላት፣ ሙጫውን ሊያይ ወጣ። አስር ከስምንት ላይ ፊቷ ደረቀ። ሽቦ አንድ ነገር ጻፈ፣ ጠበቀ፣ ቅንድቡን ሰበሰበ።

እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። በዋይፋዩ የሚጠቀም እቃ ሁሉ ቁጥር አለው፣ እንደ ቤት ቁጥር። አንድ ቁጥር የራውተሩ ነው። አሁን ሌላ እቃ ገብቶ "አንድ ቁጥርማ እኔ ነኝ" ይላል። የእኔ ስልክ ለራውተሩ ያለውን ለዚያ ይሰጣል፣ ያኛው ደግሞ የሚያደርስበት የለውም። እሱ ራሱም ወደ ውጭ መውጣት አይችልም። እቃው ከዋይፋዩ ሲወጣ ኔትወርኩ ይመለሳል፣ ሲገባ ይጠፋል።

የጎረቤት ሌባ ነዋ አልኩ። አይደለም አለ፣ ምልክቱ ጠንካራ ነው፣ ከዚሁ ግቢ ነው። ደግሞ እያንዳንዱ እቃ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚሰጠው መለያ አለው፣ እንደ መታወቂያ። የዚህን መጨረሻ አነበበልኝ። ሰባት፣ ኤ፣ አራት፣ ሲ።

ያኔ ወረቀቱ ትዝ አለኝ። ጉንዳን የድሮውን ራውተር ሲተክል የቤቱን ስልኮች በሙሉ ከነመለያቸው ጽፎ ቁም ሳጥኑ በር ውስጥ ለጥፏል፣ የማይታወቅ እንዳይገባ ብሎ። ለየስልኩም ቁጥር የሰጠው እሱ ነው። ሄጄ ከፈትኩት። "3 እማዬ።" "2 አባዬ።" ከሁሉም በላይ፣ "1 እኔ፣ በኩሩ።"

ከጎኑ መለያው። መጨረሻው ሰባት፣ ኤ፣ አራት፣ ሲ።

ክው አልኩ። የቁም ሳጥኑን በር ይዤ ቆምኩ። ሞቶ እኮ በእጄ አልብሼዋለሁ። ማን ነው "እኔ አንድ ነኝ" የሚለው?

ሽቦ መጥቶ ወረቀቱን አነበበ። ልጄን ያውቀዋል። አልቀለደም። የድሮው ራውተር ቁጥሩ መቶ ስለነበር አንድን ጉንዳን ለራሱ ስልክ ወስዶት ይሆናል አለ ቀስ ብሎ። አዲሱ ሲተከል የእኛን ስልኮች አንድ በአንድ ያስተካከላቸው ሽቦ ነው። የእሱን ግን ከየት አምጥቶ? ስሙና ፓስወርዱ አንድ ስለሆኑ ሲበራ ዝም ብሎ ይገባል። ያንን የለመንኩት እኔ ነኝ።

ከሆስፒታል እቃውን የተረከበው አባቱ ነው። ሰዓቱን አመጣ። ቀበቶውን አመጣ። ቦርሳውን አመጣ። ስልኩ መንገድ ላይ ወድቆ ሰው አንስቶታል አለኝ። ያነሳውን ሰው ስንት ቀን ረግሜዋለሁ።

ወደ ጓሮ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ባለቤቴ ሙጫው ያልደረቀ ወንበር ላይ ቆሟል፣ በስልሳ አራት ዓመቱ። በአንድ እጁ ግድግዳውን ይዟል። ሌላውን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ላይ ዘርግቶታል። እጁ ላይ የሚበራው የልጄ ስልክ ነው። ጀርባው ላይ የለጠፋት ጉንዳን ሳትቀር።

አልገባሁም። ተመልሼ ሽቦን "ሂድ፣ እኔው እጠራሃለሁ" አልኩት። ላፕቶፑን አጥፎ ሄደ።

የእኔን ድምፅ ሰምቶት ይሆን? የጉንዳንን ገጽ ከፈትኩ። አንድ ምልክት ነው።

ጥቅምት 13

ሥራ ገባሁ። ሁለት ሸሚዝ አቃጠልኩ። በሃያ ዓመት ሥራዬ አድርጌው የማላውቀው።

ጥቅምት 14

ከሥራ ስመለስ በቀጥታ ጓሮ ገባሁ። ከወንበሮቹ አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። "አውጣው" አልኩት።

ምኑን ብሎ አልጠየቀም። ከምስማር ሣጥኑ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ አወጣ። ጉልበቴ ላይ አኖረው። ቀላል ነው… እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ?

ቀስ በቀስ ተናገረ። ሆስፒታል በላስቲክ አድርገው ሰጡት። መስታወቱ ደቋል፣ ደም አለበት። እንዴት ይዤልሽ ልግባ አለኝ። ጠፋ አልኩሽ፣ በማግስቱ ልነግርሽ ነበር፣ በማግስቱ ደግሞ ባሰ። ውሸት እንደ ቆሻሻ ሙጫ ነው አለ፣ ሲቆይ ይጠነክራል።

ባለፈው ወር ማብቂያ ላይ ሌላ ሰፈር ያለ ጠጋኝ ጋ ወሰደው። በራ። መክፈቻውን ያውቃል፣ ልጁ ዳማ እንዲጫወትበት ነግሮት ነበር። የስልክ መስመሩ ተዘግቷል። ግን ለእኔ የተቀረጸ ድምፅ አገኘ። የጉንዳን ድምፅ ነው፣ ያን ቀን የተቀረጸ። አጠገቡ ሰዓት የምትመስል ምልክት አለች። አልተላከም ማለት ነው ብሎ ጠጋኙ ነገረው። ኔትወርክ ሲያገኝ በራሱ ይሄዳል አለው።

በራሱ እንዲሄድ ነው ወንበር ላይ የሚወጣው።

ለምን በአስር ሰዓት አልኩት። "አንቺ ከልጅቷ ጋር ስታወሪ መኖሩን አውቃለሁ። በሌላ ሰዓት መኖር አለመኖሩን በምን ዓይኔ አያለሁ?" አለኝ። ለካ ሙጫው ሰበብ ነው። የእኛን ወሬ ሲሰማ ኔትወርክ መጣ ብሎ ይሮጣል፣ ስልኩን ሲያበራው ኔትወርኩ ይጠፋል። ያጠፋው ያው ስልክ ነው። ሽቦ ያስረዳኝን አስረዳሁት።

"እኔ ነኝ እንዴ?" አለ።

ስሙ አይለወጥ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሁለታችንም ነን አልኩት። ከዚያ ጠየቅሁት። "ለምን አትሰጠኝም ነበር?"

"በእኔ እጅ እንዳይመጣ ነው። ለእኔ መዋሸት አመል ሆኖብኛል። ከእሱ ከራሱ ይምጣልሽ ብዬ።"

ከሞተ ልጄ ስልክ በድንገት መልእክት ቢመጣልኝ እዚያው ክልትው እንደምል አላሰብክም ወይ አልኩት። አሰበ። የምሩን አሰበ። "እሱን አላሰብኩም" አለ።

ሳቅሁ። ከግንቦት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝ፣ እሱም ምስማሮቹን መልቀም ያዘ፣ ያልወደቁትን።

አሰማኝ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። የእሱ ሲመጣ የእኔም ይገባል። አባቱ ይሰማዋል።

ጥቅምት 15

ሽቦ ጋ ደወልኩ። የላክሁትን ከእኔ ስልክ ባጠፋው ከዚያኛውም ይጠፋል ወይ? ይጠፋል አለ። ምልክት አይተውም? አይተውም። "ማንም አያውቅም እናቴ።" ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

አውራ ጣቴን ድምፁ ላይ አድርጌ ይዤ ቆየሁ። "ይጥፋ?" ብሎ ጠየቀኝ። ስንት ጊዜ እንደያዝኩት አላውቅም፣ ስልኩ ራሱ ሰልችቶት ጨለመ።

ባጠፋው ምን እሆናለሁ? እሱ ጓሮ ወንበር ላይ ቆሞ ውሸቱን ሊያርም ሲታገል፣ እኔ ሳሎን ተቀምጬ የራሴን ልቀብር?

ጥቅምት 16

ነገርኩት። ቃል በቃል። "እናት አለኝ እንዳትል" የሚለውን በከንፈሬ ነው የጨረስኩት።

የሚጮህብኝ መስሎኝ ነበር። ቢጮህም አልፈርድበትም።

"ስንቴ ነው ያልሽው?" አለኝ።

አንዴ አልኩ።

"አንዴ? በአሥራ ሁለት ዓመቱ መስኮት ሲሰብር አላልሽውም? ትምህርት ሲያቋርጥ አላልሽውም? ሁልጊዜ እናት የለህም ትይዋለሽ፣ እሱ ለእራት ከሁሉም ቀድሞ ይቀርባል።"

እሱ ሌላ ነው፣ ይሄ የመጨረሻዬ ነው አልኩት።

"መላክሽን አውቃለሁ። ስድብ እንደሆነም… እሱም ያውቅ ነበር።"

ደነገጥኩ። እንዴት ያውቃል? ሳይከፍተው? "ራሱ ይንገርሽ" ብሎ ተነሳ።

ጥቅምት 17

እሁድ ቢሆንም ሽቦ መጣ። ማስተካከሉ ሁለት ደቂቃ ነው አለ። ከሁለቱ አንዱ ቁጥሩን ይለቃል፣ ስልኩ ይልቀቅ ወይስ ራውተሩ? ባለቤቴና እኔ እኩል "ራውተሩ" አልን። ራውተሩ መቶ ሆነ።

የጉንዳንን ስልክ ጠረጴዛው መሐል አኖርነው። ባለቤቴ አበራው። ሽቦ የውጭ ገመዱን ልይ ብሎ ወጣ። ውጭ ገመድ የለንም።

እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ራሴን አዘጋጅቻለሁ። ሆኖም የእኔ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ድምፅ ሲያሰማና ስሙ ብቅ ሲል… ደረቴ ላይ በረዶ ውሃ የተቸለሰብኝ ያህል ነው የደነገጥኩት። ስሙ። አሁን። ዛሬ እንደላከው።

ነካሁት። እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ፣ አንድ ቃል እንዳይጠፋ።

"እማዬ… ክሊኒኩ ውስጥ ነኝ፣ ምድር ቤት፣ ኔትወርክ የሚባል የለም። ሥራውን ለአንድ ሰዓት አስፈቅጄ ነው። የአባዬን ቀጠሮ ለማክሰኞ አዛውሬዋለሁ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ እኔው አመጣዋለሁ። ለደም ምርመራ ስለሆነ ምንም ሳይቀምስ ይምጣ ብለዋል፣ ቁርስ እንዳትሰጪው፣ ደብቀሽም እንዳትሰጪው። የላክሽውን ገና አልከፈትኩትም። ስድብ እንደሆነ ግን ከርዝመቱ አውቄዋለሁ።" ከዚያ ይስቃል። ሰው ያልፋል፣ "ይቅርታ" ይለዋል። "እሺ፣ ስወጣ ይላክ" ይላል። አለቀ።

አርባ አንድ ሰከንድ።

ሲወጣ ነው። ያ መንገድ የክሊኒኩ መንገድ ነው፣ የት እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። አምስት ወር የጠየቅሁት ይሄው ተመለሰ፣ የተሳደብኩት ስለዚሁ ነው። አልጮህኩም። ወንበሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ፣ ልጅቷ ስክሪን ላይ እንደምትደርቀው። ባለቤቴ መዳፉን ጀርባዬ ላይ አድርጎ ቆየ። ይህንን ሁሉ ሳምንት ብቻውን ሲሰማው የከረመው ሰውዬ።

የእኔን አልከፈትነውም። አላጠፋሁትምም። አንድ ምልክት እንደሆነ ይቀመጥ።

በአስር ሰዓት ልጅቷ ደወለች። የወንድምሽ ድምፅ አለ አልናት። አሰማናት። እስኪያልቅ ድረስ አልተቆረጠም።

ጥቅምት 18

በምሳ ሰዓት ካውያውን አስቀምጬ ክሊኒኩ ደወልኩ። ማክሰኞ ብቻ ነው የምንፈልገው አልኳቸው። ለምን ማክሰኞ አሉኝ። ልጃችን ማክሰኞ ስላለ ነው አልኩ።

ጥቅምት 26

ማክሰኞ። ቁርስ አልሠራሁም። ሻይም አላፈላሁም፣ ሸቶት እንዳይጎመጅ ብዬ።

ጠዋት አንድ ተኩል ላይ ያ መንገድ ዳር ቆምን። ከግንቦት ወዲህ በዚያ በኩል አልፌ አላውቅም። ተራ የእግረኛ መሻገሪያ ነው፣ ነጭ ቀለሙ የተላላጠ። ማን ማንን እንደያዘ አላውቅም፣ ተሻገርን።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ሁለቱንም ዓይኑን አየች። ግራው ዘግይቷል፣ ሙሉ በሙሉ ባይመለስም ብርሃን ያገኛል አለች። ቀኙ ይድናል። የቀዶ ጥገናውን ቀን ጻፈችልን። ከዚያ ካርዱን ገልብጣ አየችና ቆጣ አለች። ቀጠሮው ለግንቦት ነበር፣ ተዛውሮላችሁም አልመጣችሁም፣ አምስት ወር ሙሉ የት ነበራችሁ?

ባለቤቴ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ።

"መልእክቱ የደረሰን ሰሞኑን ነው፣ ዶክተር" አላት።

ምንም ቀምሶ እንደሆነ ጠየቀችው። ከትናንት ማታ ጀምሮ በአፉ ምንም ጠብ እንዳላለ ነገርኳት፣ ኮራ ብዬ።